ታንኩ ተመጦ በወሩ ሲሞላ፦ የሴፕቲክ ታንክ ማስረጊያ ቦይ አጠጋገን

«በቀደም ነው ያስመጠጥኩት። እንዴት በወሩ ይሞላል?»

ከደሴም ከኮምቦልቻም በተደጋጋሚ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኼ ነው። በተለይ ክረምቱ ሲበረታና ጓሮው መሽተት ሲጀምር ጠያቂው ይበዛል። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ ከላይ እስከ ታች ጻፍኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ጤነኛ ሴፕቲክ ታንክ፣ ብዙዎቻችን ሴፍቲ ታንክ የምንለው፣ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ስድስት ሰው የሚኖርበትን ቤት እንውሰድ። እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም 300 ሊትር ወደ ታንኩ ይገባል። 3 ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንክ ተመጦ በ10 ቀን ይሞላል ማለት ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። የታንኩ ሥራ ዝቃጩን ከታች፣ ቅባቱን ከላይ አስቀርቶ መሃል ያለውን ውሃ ማሳለፍ ነው። ውሃውን የሚጨርሰው ከታንኩ ቀጥሎ በጠጠር ተሞልቶ የተቀበረው ማስረጊያ ቦይና ዙሪያው ያለው አፈር ነው።

ብልሽት የምንለው ሌላ ነው። ውሃው ከመውጫ ቱቦው በላይ ሲቆም፣ ሽንት ቤቱ እየተንተፋተፈ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ቦዩ የተቀበረበት መሬት ረግረግ ሆኖ ሲሸት ነው። በበጋ ግቢው ሁሉ ደርቆ ቦዩ ላይ ብቻ ሣሩ ለምልሞ ካያችሁ እሱም ምልክት ነው።

ታንካችሁ ጨርሶ መውጫ ቱቦ ከሌለው፣ ማለትም ወለሉ ያልተለሰነ በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ከሆነ፣ ማስረጊያውም ማጠራቀሚያውም እሱ ራሱ ነው። ለእናንተም ከደረጃ 1 እስከ 4 ያለው ይሠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሕይወት የሚያጠፉ ነገሮች

ታንክ ውስጥ በፍጹም አትግቡ። ቢመጠጥም፣ ባዶ ቢመስልም አትግቡ። ጭንቅላታችሁንም አታስገቡ። እዚያ የሚፈጠረው ጋዝ ሰውን በትንፋሽ ውስጥ ይጥላል። መጀመሪያ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበረታ ደግሞ አፍንጫን ያደነዝዛል። ስለዚህ «አሁን እኮ አይሸትም» ማለት ጋዙ ወጥቷል ማለት አይደለም። አንድ ሰው ቢወድቅ ተከትላችሁ አትግቡ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው የሚሞተው የመጀመሪያውን ላውጣ ብሎ የገባው ነው። ክዳኖቹን ሁሉ ክፈቱ፣ ጩኹ፣ መተንፈሻ መሣሪያ ያለው የአደጋ ሠራተኛ ጥሩ።

ክዳኑ አጠገብ ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ሻማ አይኑር። ከጋዞቹ አንዱ የሚነድ ነው።

የቆየ ሶሌታ (የታንኩ የኮንክሪት ጣሪያ) ላይ አትቁሙ። ከሥሩ ያለው ብረት በዝጎ ኮንክሪቱ ላይ ላዩን ብቻ ሊሆን ይችላል። ክዳን ተከፍቶ ሳለ ደግሞ ሕፃን ግቢ ውስጥ አይኑር፤ ለደቂቃም ቢሆን ክፍቱን ትታችሁ አትሂዱ።

ጓንትና ቦት ጫማ ግድ ነው። ቁስል ካለባችሁ ሸፍኑት። በፍሳሹ ታይፎይድና የአንጀት ትላትል ይተላለፋሉ፤ ስለዚህ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይነካም።

አንድ ሌላ አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። የመጠጥ ውሃ ቱቦ ከማስረጊያ ቦዩ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የእኛ ውሃ በፈረቃ ነው። ውሃ በሌለበት ሰዓት ቱቦው ውስጥ ግፊት የለም፤ እንዲያውም መልሶ ይስባል። ቱቦው ትንሽ ስንጥቅ ካለው ዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ይስብና ውሃ በመጣ ጊዜ በቧንቧችሁ ያወርደዋል። የጉድጓድ ውሃ ካላችሁ ወይም ጎረቤት ካለው ርቀቱ ቢያንስ 30 ሜትር ነው።

መቼ ይሠራል?

ከጥቅምት እስከ ጥር። በክረምት መሬቱ ራሱ ጠግቧል። በልጉ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። በእርጥብ አፈር ላይ የተቆፈረ ቦይ ገና ሳይጀምር ይደፈናል፤ ምክንያቱን ደረጃ 8 ላይ አስረዳለሁ። አሁን ክረምት ከሆነ ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለውን ሥሩና ቁፋሮውን አቆዩት። ከ1 እስከ 4 ባለው ብቻ የሚድን ቤት ብዙ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ዶማ፣ አካፋ፣ ድጅኖ፣ የብረት ሬክ
- ሜትር፣ ሲባጎ፣ ካስማ፣ ውሃ ልክ (ረጅም ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ተሞልቶ ከሁሉ ይሻላል)
- 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ፣ የቲ ቅርጽ መገጣጠሚያ፣ ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ)፣ ማስቲሽ
- ድሪል ከ12 ሚሊ ሜትር መብሻ ጋር፣ መጋዝ
- የታጠበ 02 ጠጠር (ለኮንክሪት የሚውለው ዓይነት)
- ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር) ጨርቅ፤ ካጣችሁ የጤፍ ጭድ
- 2.5 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨትና ነጭ ጨርቅ
- ለማከፋፈያ ሳጥን (ከታንኩ የሚመጣውን ውሃ ለየቦዮቹ ለሚከፍለው) ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ
- ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ሳሙና

ጠጠሩን በቢያጆ ስትገዙ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ጠይቁ። 25 ሜትር ርዝመት ላለው ቦይ ወደ 4.5 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። አንድ ጭብጥ ጠጠር በውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ውሃው እንደ ጎርፍ ከደፈረሰ አትቀበሉ፣ ወይም ሳታጥቡ አትጠቀሙበት። ያ ብናኝ ታች ወርዶ የቦዩን ወለል ይደፍናል። ገረጋንቲም አይሆንም፤ ደቃቁ ብዙ ነው።

ደረጃ በደረጃ

1. የሚገባውን ውሃ ቀንሱ

ከመቆፈር በፊት ለአንድ ሳምንት ይህን ሞክሩ። በመጀመሪያ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ውሃ እንደማያፈስ አረጋግጡ። የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ ከመቀመጫው ጀርባ ባለው ማጠራቀሚያ ሳጥን ውስጥ ጨምሩና ሳትለቁት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ታች ያለው ውሃ ከቀላ ጎማው ያፈሳል። ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ የሚፈስ ውሃ ከቤተሰቡ ፍጆታ ሊበልጥ ይችላል። ውሃ ሲቋረጥ ስለሚቆም ደግሞ ባለቤቱ አያውቀውም።

ከዚያ ውሃ የሚመጣበትን ቀን አስቡ። በፈረቃው ቀን በርሜሉ ይሞላል፣ የሳምንቱ ልብስ ይታጠባል፣ ሁሉም ሰው ገላውን ይታጠባል። መሬቱ በቀን የሚጠጣው ልክ አለው። የሳምንቱን በአንድ ቀን ብታጠጡት ይተፋዋል። ሮቶ ካላችሁ እጥበቱን በሁለት ሦስት ቀን ከፋፍሉት። የውዱእ ውሃ ሳሙና ስለሌለበት በተለየ ቱቦ ወደ አትክልት ቢሄድ ጥሩ ነው። ትልቅ ቤተሰብ ባለበት ቤት ይህ ብቻውን ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

2. ታንኩን ክፈቱና የውሃውን ከፍታ አንብቡ

ክዳኑን ከፍታችሁ ወደኋላ ፈቀቅ በሉና ለግማሽ ሰዓት አስተንፍሱት። ከዚያ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ቆማችሁ ከርቀት ተመልከቱ።

ውሃው ከመውጫ ቱቦው በታች ከሆነ ታንኩ ራሱ ስንጥቅ አለው ወይም ገና አልሞላም። በመውጫው ልክ ሆኖ ቤት ውስጥ ግን ፍሳሹ ከቆመ፣ የተደፈነው ከቤት ወደ ታንክ ያለው ቱቦ ነው፤ ማስረጊያውን አትንኩ። ከመውጫው በላይ ከሆነ ወይ መውጫው ተደፍኗል፣ ወይ ቦዩ አልቀበልም ብሏል።

ይህን ሳያዩ ጓሮ ያረሱ ሰዎች ገጥመውኛል። አንደኛው ቤት ጥፋቱ መውጫው ላይ የተሰነቀረ ጨርቅ ነበር።

3. አስመጥጡ፣ ሲመጠጥም ቁሙና እዩ

መምጠጫ መኪናው ሲመጣ ቤት ውስጥ አትቀመጡ። ውሃው ከመውጫው በታች ሲወርድ መውጫ ቱቦውን ተመልከቱ። ከቦዩ ወደ ታንኩ ውሃ ተመልሶ ከፈሰሰ ቦዩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ምንም ካልተመለሰ ቱቦው መሃል ላይ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ይህች አንድ ደቂቃ የብዙ ቀን ቁፋሮ ታድናለች።

ዝቃጩም ይውጣ። ላይ ላዩን ውሃውን ወስዶ የሚሄድ መኪና ምንም አልሠራም። ሠራተኛው መጨረሻ ላይ ከታች ያለውን በእንጨት እያማሰለ እንዲስብ ጠይቁት።

አሁን መውጫው ላይ ያለውን የቲ ቅርጽ ቱቦ እዩ። የዚህ ቱቦ ታችኛው እግር ውሃው ውስጥ ገብቶ ከመሃል ይቀዳል። ተሰብሮ ከወደቀ ወይም ከመጀመሪያውም ካልተገጠመ፣ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት በቀጥታ ወደ ቦዩ ይሄዳል። በእኔ ልምድ የብዙ ቦዮች ሞት መነሻው ይህ ነው። የታችኛው እግር የውሃውን ጥልቀት 40 በመቶ ያህል ይግባ፤ ውሃው 1.5 ሜትር ከሆነ 60 ሴንቲ ሜትር። የላይኛው እግር ከውሃው 15 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ አፉ ክፍት ይሁን። ከላይ በክዳኑ በኩል እጅ የሚደርስ ከሆነ ብቻ ግጠሙት። ካልደረሰ ሶሌታውን ከመውጫው በላይ በባለሙያ አስከፍቱ። ለዚህ ብላችሁ እንዳትገቡ።

4. ከላይ የሚመጣውን ውሃ አዙሩ

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ደሴ ተዳፋት ነች። ከጦሳ ተራራ በኩል ባለ ሰፈርም ሆነ በሌላው አቀበት፣ ዝናቡ ከላይ ያለውን ግቢ ሁሉ አጥቦ ወደ እናንተ ይወርዳል። የጣሪያ ውሃ ብቻውን እንይ። 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,600 ሊትር ነው። ስድስት ሰው በአምስት ቀን ከሚያፈሰው ይበልጣል። አሸንዳው ቦዩ ላይ የሚደፋ ከሆነ ምንም ዓይነት ጥገና አይይዝላችሁም።

የአሸንዳውን ውሃ በቱቦ አርቁት ወይም በርሜል ውስጥ አጠራቅሙት። ከዚያ ከማስረጊያው በላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር ፈቀቅ ብሎ ውሃ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ላይ ላዩን የሚሄደውን ጎርፍ ይይዛል። ከመሬት ውስጥ እየመነጨ የሚመጣ ውሃ ካለ ግን ከማስረጊያው ወለል ዝቅ እስኪል አጥልቁትና በጠጠር ሙሉት። ጫፉ ወደ መንገድ የዝናብ ቦይ ይውጣ። ወደ ታችኛው ጎረቤት ግቢ መልቀቅ የለም። በዚህ ቦይ የሚሄደው የዝናብ ውሃ ብቻ ነው።

ይህን ሠርታችሁ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓሮው ከደረቀ ሥራው አልቋል። ቀጣዩን አትቆፍሩ።

5. ማከፋፈያውንና ቱቦውን ፈትሹ

ከታንኩ እስከ ቦዩ ያለውን ቱቦ በተጣጣፊ መክፈቻ ሽቦ ፈትሹ። የባሕር ዛፍ ሥር ከገባበት ያንን ክፍል ቁረጡና ቀይሩ። ማከፋፈያ ሳጥን ካለ ክፈቱት። መሬት ሲንሸራተት ሳጥኑ ያዘነብላል፣ ከዚያ ውሃው ሁሉ ወደ አንዱ ቦይ ብቻ ይሄዳል። አንዱ ሲሰምጥ ሌላው ደርቆ ይኖራል። ሳጥኑን በውሃ ልክ አስተካክሉት፤ መውጫዎቹ በሙሉ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ።

ከዚያ አሮጌው ቦይ ላይ አንድ ቦታ ጠጠሩ እስኪታይ ቆፍሩ። ጠጠሩ ሥር ዝልግልግ ያለ ጥቁር ሽፋን ካገኛችሁ መሬቱ በእርግጥ ተደፍኗል። ያ ሽፋን ከታንኩ ያመለጠውን ቆሻሻ የሚበሉ ተህዋስያን የሠሩት ነው። በመድኃኒት አይለቅም፤ ደረጃ 11 ላይ እመለስበታለሁ። አዲስ ቦይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

6. መሬቱ ስንት እንደሚጠጣ ለኩ

አዲስ ቦይ ሊሆን የሚችለውን ቦታ ምረጡ። ከቤት መሠረት 6 ሜትር፣ ከአጥር 3 ሜትር፣ ከአሮጌው ቦይ 2 ሜትር ይራቅ። ከድጋፍ ግንብ ወይም ከተቆረጠ ገደል በላይ ከሆነ 15 ሜትር። ግንብ ጀርባ የሚጠራቀም ውሃ ግንቡን ይገፋዋል፣ ታች ያለው ሰው ቤት ላይም ይጥለዋል።

በሦስት ቦታ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 65 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ቆፍሩ። ግድግዳቸውን በምስማር ቧጥጡት። ታች 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ጨምሩ። ውሃ ሙሉና እስከ ነገ ጠብቁ፣ ሲጎድል እየጨመራችሁ። ይህን ማጥገብ አትዝለሉ። የደረቀ አፈር መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ይጠጣል፤ እናንተ ማወቅ ያለባችሁ ሲጠግብ የሚጠጣውን ነው።

በማግስቱ ከጠጠሩ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ አድርጉና በ30 ደቂቃ ስንት እንደወረደ ለኩ። ውጤቱ እስኪመሳሰል ድገሙት።

- ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ፦ በካሬ ሜትር በቀን 25 ሊትር ቁጠሩ
- ከ2.5 እስከ 5 ከሆነ፦ 20 ሊትር
- ከ1.25 እስከ 2.5 ከሆነ፦ 10 ሊትር
- ከ1.25 በታች ከሆነ፦ ቦይ አይሠራም፤ «መሬቱ መረሬ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ከሆነ» ወደሚለው ክፍል ሂዱ

ውሃው በሁለት ሦስት ደቂቃ ሙልጭ ብሎ ከጠፋም አትደሰቱ። ስንጥቅ ዐለት ወይም ልቅ ሙሌት ነው። ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ወይም ወደ ምንጭ ይወርዳል።

7. ርዝመቱን አስሉ

የቀኑን ፍሳሽ ለመሬቱ መጠን አካፍሉ፣ ከዚያ ለቦዩ ስፋት። 300 ሊትር ለ20 ሲካፈል 15 ካሬ ሜትር ነው። ቦዩ 60 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ 25 ሜትር ርዝመት ይሆናል። ሁለት ቦይ፣ እያንዳንዱ 12.5 ሜትር። መሬቱ 10 ሊትር ብቻ የሚጠጣ ከሆነ 50 ሜትር ነው። ግቢው ካልበቃ ቁጥሩን አታሳንሱት። ወደ ደረጃ 1 ተመልሳችሁ ውሃውን ቀንሱ።

 ሁለቱ አዲስ ቦዮች ውሃውን እኩል ተካፍለው አብረው ይሠራሉ፤ የሚያርፈው አሮጌው ቦይ ነው፣ ኋላ እንመጣበታለን።

8. ቆፍሩ

ቦዩ በተዳፋቱ አግድም ይሂድ እንጂ ቁልቁል አይውረድ። በእርከን ሥራ የተሳተፈ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ያው የእርከኑ መስመር ነው። ቁልቁል የሄደ ቦይ ውሃውን ሁሉ ጫፉ ላይ ያጠራቅመውና እዚያው ይፈነዳል። በውሃ ልክ ነጥብ እየያዛችሁ ካስማ ትከሉ፣ በሲባጎ አገናኙ። መስመሩ ቢጣመም ችግር የለም።

ስፋት 60፣ ጥልቀት 65 ሴንቲ ሜትር። ወለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይሁን። የላይኛውን ለም አፈር ለብቻ አስቀምጡት። ከወለሉ በታች ዐለት ወይም የከርሰ ምድር ውሃ ከ1.2 ሜትር ቀርቦ ካገኛችሁ አቁሙ። መሬቱ በ10 ሜትር ከ2 ሜትር በላይ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም መሬቱና ግድግዳው ላይ አዳዲስ ስንጥቅ ካለ፣ አትቆፍሩ። በደሴ የመሬት መንሸራተት የሚታወቅ ነገር ነው። ተዳፋት ውስጥ ውሃ ማስገባት ያባብሰዋል። መሐንዲስ ይየው።

አፈሩን በእጃችሁ አሽታችሁ እንደ ገመድ ከተጠቀለለ ገና እርጥብ ነው፤ ጠብቁ። እርጥብ ሸክላ በአካፋ ሲቆረጥ ግድግዳው እንደታሰሰ ምጣድ ያብረቀርቃል። ያ ማብረቅረቅ የአፈሩ ቀዳዳ ተለስኖ መዘጋቱ ነው። ሥራውን ስጀምር በሐምሌ የቆፈርኩት አንድ ቦይ ነበር። ባለቤቶቹ በጣም ተቸግረው ስለነበር እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጥር ላይ ሁሉንም አውጥተን ከሌላ ቦታ ቆፈርነው። ለአንድ ሥራ ሁለቴ ከፈሉ፣ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ካበረቀረቀባችሁ ግድግዳውንና ወለሉን በሬክ ቧጥጡት፣ ቡጭርጭሩን አውጡት፣ ከዚያ ወለሉን አትርገጡ።

9. ጠጠርና ቱቦ

ወለሉ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አንጥፉ። ቱቦውን በሁለት ረድፍ ብሱት፣ ከታች በግራና በቀኝ ጎኑ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ። ልክ ከሥሩ መሃል አትብሱ፤ ውሃው ሁሉ መጀመሪያው ላይ ይፈስና ጫፉ አይደርሰውም። ቱቦው በየሜትሩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይውረድ። በ12.5 ሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። «ትንሽ ቢዘነብል ይሻላል» የሚል ሠራተኛ ይኖራል። ቤት ውስጥ ላለው ቱቦ ልክ ነው፤ እዚህ ግን አይደለም። እዚህ የምንፈልገው ውሃው በቀስታ በሁሉም ቦታ እንዲወርድ ነው።

የቱቦውን ጫፍ በክዳን ዝጉት። ጎንና ጎኑን በጠጠር ሞልታችሁ ከላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ሸፍኑት። በእያንዳንዱ ቦይ ጫፍ አንድ ቱቦ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ታችኛው ጫፉ የቦዩን ወለል ይንካ፣ ጎኑ ይበሳ፣ ላዩ ክዳን ይኑረው። መመልከቻችሁ እሱ ነው።

10. አገናኙ፣ ሞክሩ፣ ሸፍኑ

ከታንኩ ወደ ማከፋፈያ ሳጥኑ የሚሄደው ቱቦ ያልተበሳ ይሁን። ሳጥኑን ከብሎኬት ገንቡና ለስኑ። ለአሮጌውም ለአዲሱም መውጫ አድርጉለት፣ የማይፈለገውን በክዳን መዝጋት እንዲቻል።

አፈር ከመመለሳችሁ በፊት አምስት ስድስት ባልዲ ውሃ ሳጥኑ ውስጥ ድፉ። እኩል እየተከፈለ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ከተቀበረ በኋላ ማስተካከል ሌላ ቁፋሮ ነው።

ጠጠሩን በጂኦቴክስታይል ሸፍኑ። ከጠፋ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል የጤፍ ጭድ ይሁን። ጭዱ ሲበሰብስ አፈሩ ረግቶ ስለሚጠብቅ ወደ ጠጠሩ አይገባም። ላስቲክ አታልብሱ፤ ቦዩ አየር ይፈልጋል፣ ያለ አየር ያ ጥቁር ሽፋን ቶሎ ይመጣል። ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር አፈር መልሱና 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ከምሩት፤ ሲረጋ ይስተካከላል። ሣር ትከሉበት። ዛፍ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ አይተከልበትም። መኪናም አይቁምበት፣ የግንባታ ድንጋይም አይከመርበት።

11. አሮጌውን አሳርፉ

የተደፈነውን ቦይ አትጣሉት። ሳጥኑ ላይ ዝጉትና ቢያንስ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይረፍ። ውሃ ሲያጣና አየር ሲያገኝ ጥቁሩ ሽፋን ራሱ እየተበላ ይሳሳል። ከዚያ በየዓመቱ ማቀያየር ትችላላችሁ። እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ፣ ለማስታወስም ይመቻል።

መሬቱ መረሬ ከሆነ

ይህ ይበልጥ የኮምቦልቻ ጥያቄ ነው። ከሐረጎ ዳገት ወርዳችሁ ሜዳው ላይ፣ በተለይ ወደ ቦርከና ወንዝ ጠጋ ሲል፣ ጥቁር መረሬ ያጋጥማል። በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ያብጥና ይገጥማል። በታኅሣሥ የለካችሁት ሊሸነግላችሁ ይችላል፤ ውሃው የሚገባው በአፈሩ ሳይሆን በስንጥቁ ነው። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ሙሉ ሁለት ቀን አጥግቡት።

ካልጠጣ ቦይ በማርዘም አይፈታም። ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከመሬት በላይ 60 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ አሸዋ ከምሮ ማስረጊያውን እዚያ ላይ መሥራት ነው። ብዙ ጊዜ ፓምፕ ስለሚፈልግ መሐንዲስ ይንደፈው። ሁለተኛው ታንኩን ውሃ እንዳያሳልፍ አስለስኖ፣ የሚገባውን ውሃ ቀንሶ፣ በየጊዜው ማስመጠጥ ነው። ወጪ አለው፤ ጓሮው ውስጥ ፍሳሽ ከሚተኛ ግን ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

እርሾ፣ ጨው፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ የሚሸጥ ዱቄት መጨመር። ታንኩ የሚፈልገው ተህዋስ ከሰው ጋር ሁልጊዜ ይገባል። ኮስቲክና ብዙ በረኪና ግን ይገድሉታል። አንዳንዱ ዱቄት ደግሞ ዝቃጩን አሟሙቶ ወደ ቦዩ ይሰደዋል፤ የባሰ ነው።

መውጫውን ወደ መንገድ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ ማገናኘት። ሽታው ከእናንተ ይሄዳል፤ ታይፎይዱ ግን ታች ላሉ ሕፃናት ይደርሳል።

ረግረጉ ላይ አፈር መድፋት። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ይመለሳል።

ከድግስ በኋላ የሰሃን ቅባት፣ የጠላ አተላ፣ የቡና ዝቃጭ በሲንክ መልቀቅ። ቅባቱ በደሴ ብርድ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። ሰሃኑን መጀመሪያ በወረቀት ጥረጉት፤ አተላውን ለከብት።

ታንኩ በዝቃጭ እስኪሞላ መጠበቅ። በዓመት አንዴ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለበትን እንጨት እስከ ወለሉ አውርዱ። ጥቁሩ ምልክት የዝቃጩን ውፍረት ያሳያችኋል። ዝቃጩና ቅባቱ ተደምረው የታንኩን ሲሶ ሲይዙ አስመጥጡ። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ደሴ ላይ ብርዱ መበስበሱን ስለሚያዘገየው ከኮምቦልቻ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

ከጥገናው በኋላ

በመጀመሪያው ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ በየሁለት ሳምንቱ የመመልከቻውን ቱቦ ክዳን ከፍታችሁ ቀጭን እንጨት አስገቡ። ታች 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢኖር ደህና ነው። ዝናብ ካቆመ ከሁለት ቀን በኋላም 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ከቆመ፣ ውሃው ወደ ቱቦው ደርሷልና የውሃ መቀልበሻውን ቦይ አይታችሁ ጥረጉ፣ በዚያ ሳምንት እጥበት ቀንሱ።

ሌላው፣ ቦዩ የት እንደተቀበረ በወረቀት ሳሉት። ከቤቱ ሁለት ማዕዘን ያለውን ርቀት በሜትር ጻፉበት፤ የማከፋፈያ ሳጥኑንና የታንኩን ክዳን ጭምር። ያስመጠጣችሁበትን ቀን ከጎኑ አስፍሩ። ወረቀቱን ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጡት።